የኤንትሬዋ አበልጆች

የድሮ ጎረቤቴ እትየ ፈንታነሽ ከማንኩሳ ደውላ «ጎማዎቹ ነፋስ ጎድሏቸዋል፤ መንፊያህን ይዘህ ዛሬውኑ ና» ስትለኝ መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ነበር። ፍኖተ ሰላም ላይ ሱቅ ከከፈትሁ ወዲህ እኔ ጎማ የምሸጥ ሰው እንጂ የምነፋ ሰው አይደለሁም። ላሾፍባት አፌን ስከፍት ነው አንድ ነገር ያቃጨለብኝ። ስለዚያች አሮጌ የጭነት መኪና ትእዛዝ የሚሰጥ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ጎማ ሲጎድል የሚደውሉልኝ እርሳቸው ናቸው፤ ያውም ሰላምታ ሳያስቀድሙ «የጎማ አባት፣ ልጆችህ ከስተዋል» ይሉኛል።

«አያ ይሁኔስ?» አልኋት።

ዝም አለች። እትየ ፈንታነሽ ደግሞ ዝም የምትል ሴት አይደለችም።

«ወዴት ልንሄድ ነው?» አልኋት።

«ቡሬ» አለችኝ። «ቡሬ ልናደርሳቸው ነው።»

መርዷቸውን የሰማሁት እንዲህ ነው። መንፊያውን ፍለጋ ሱቁን ሳተራምስ ቆይቼ በመጨረሻ እጄ ላይ ይዤው እንደነበር አየሁ።

አያ ይሁኔን አንድ ጊዜ ያየ ሰው የሚያስታውሰው አዟዟራቸውን ነው። ረዳት ሳሉ የለመዱት ይመስለኛል፤ ማንኛውንም ነገር ከመንካታቸው በፊት አንዴ ዞረው ያዩታል። ሊቀመጡበት ያሉትን ወንበር ይዞሩታል። በቅሎ ሲያዩ ይዞሯታል። አንድ የጎረቤት ሰርግ ላይ ሙሽራይቱን፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ዞረው አይተዋት፣ «ደህና ናት፤ ትሂድ» ብለው ሚዜዎቹን አስቀዋል። ሰው ሲያነጋግሩ ደግሞ፣ ጎማ እንደሚፈትሽ ሰው፣ በጣታቸው አንጓ ትከሻውን ኳ ኳ ያደርጉታል። ትከሻዬ ከመልመዱ የተነሣ አሁን ሰው ሳያንኳኳኝ ሲያወራኝ ወሬው የጎደለ ይመስለኛል።

ማንኩሳ የመጡት ለአዳር ነበር ቢባል ማጋነን አይደለም። የቡሬ ልጅ ናቸው። በወጣትነታቸው ጨው በጫነች ኤንትሬ የጭነት መኪና ላይ ረዳት ሆነው ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ሲጓዙ፣ መኪናዋ ከማንኩሳ መውጫ ላይ አንዴ አጓርታ ዝም አለች። ሹፌሩ ወርዶ ሞተሯን አየ፣ እጁን ጠራረገና «ታኮ አድርግና ጠብቃት፤ ዕቃ ይዤ መጣሁ» ብሎ በሚያልፍ መኪና ተሳፍሮ ሄደ። ወጣቱ ይሁኔ ከመንገድ ዳር አንድ ጥቁር ድንጋይ አንከባልሎ ከኋላ ጎማዋ ሥር ወሸቀና ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ።

ሹፌሩ አልተመለሰም። ጨዉን ባለቤቱ መጥቶ በሌላ መኪና አስጫነው። የኤንትሬዋም ባለቤት ቆይቶ አንድ ቀን ብቅ አለና፣ ዞር ዞር ብሎ አይቷት፣ «ከወደድካት ያንተው ትሁን» ብሎ ወረቀቷን ሰጥቷቸው ሄደ። አያ ይሁኔም ጠብቅ የተባሉትን ጠበቁ። እየጠበቁ የሰው እህል ጫኑ አወረዱ፣ እየጠበቁ ሚስት አገቡ፣ እየጠበቁ ሚስታቸውን ቀበሩ። ልጅ አልሰጣቸውም። እኔ ማንኩሳ ላይ ጎሚስታ ስከፍት ሸብተው፣ አሁንም እየጠበቁ ነበር የደረስሁባቸው።

«አያ ይሁኔ፣ ያ ሹፌር እኮ አይመጣም» አልኋቸው አንድ ቀን፣ ልቀልድ ብዬ።

ትከሻዬን ኳ ኳ አደረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እኔስ አውቃለሁ» አሉኝ። «እሜቴ ናቸው ያልሰሙት። ቀስ ብዬ ነው የምነግራቸው።»

እሜቴ የሚሉት መኪናዋን ነው። በዕድሜ ስለምትበልጣቸው አንቱ ይሏታል። ሞታለች የሚል ሰው ካለ ይቆጡታል። «አኩርፈው ነው እንጂ አልሞቱም» ይላሉ። በሯን ሲከፍቱ እንኳ «ይፍቀዱልኝ» ማለታቸውን በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ከማንኩሳ ቡሬ ቅርብ ነው፤ በሚኒባስ አንድ ወሬ ሳያልቅ ይደረሳል። አያ ይሁኔ ግን ያን ሁሉ ዘመን ቡሬን አልረገጡም። ምክንያቱ ታላቅ እኅታቸው እማማ ይታይሽ ናቸው። እናትና አባታቸው ቀድመው ስላለፉ ያሳደጓቸው እኒሁ እኅታቸው ናቸው። ታናሽ ወንድማቸው ሞፈርና ቀንበሩን ጥሎ ረዳት ልሆን ነው ብሎ በተነሣ ጊዜ፣ እማማ ይታይሽ በሰው ፊት ስቀው፣ «አንተ መኪና እየነዳህ ቡሬ የገባህ ዕለት፣ እኔ ይታይሽ ረዳት እሆንልሃለሁ!» አሉት። ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ሳቀ። የይሁኔም ደም ፈላና «እንግዲያው እየነዳሁ ካልሆነ ቡሬን አልረግጥም፤ ብረግጥ እግሬን ይንሳኝ» ብሎ ማለ። መኪናዋ ማንኩሳ ላይ በቆመችበት ቀን ሹፌሩ ቡሬ መግቢያ ላይ መሪውን ሊያስይዘው ቃል ገብቶለት ነበር። እንግዲህ መኪናዋ ስትቆም መሐላውም አብሯት ቆመ።

እማማ ይታይሽ ግን አልማሉምና ይመጡ ነበር። በየዓመቱ የበርበሬ ሰሞን ማንኩሳ ይመጡና፣ የጋቢናዋ መወጣጫ ላይ ተቀምጠው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ሰው እስኪሰበሰብ ይጠብቁና «ሹፌር! መቼ ነው የምንነሣ?» ይላሉ።

አያ ይሁኔም «እኔስ ዝግጁ ነኝ፤ ረዳቴ ሰነፍ ሆነችብኝ እንጂ» ይላሉ።

ይኸው ነው። በየዓመቱ ያው ጥያቄ፣ ያው መልስ። እኛም በየዓመቱ አዲስ ነገር እንደሰማ ሰው እንስቅ ነበር። ከዚያ ወንድምና እኅት ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲያወሩ ይውላሉ፤ ማታ የቡሬ ሚኒባስ ሲመጣ አያ ይሁኔ እስከ በሩ ሸኝተው፣ ሚኒባሱን አንዴ ዞረው አይተው ይመለሳሉ።

አንድ ዓመት የበርበሬ ሰሞን ደረሰ፤ እማማ ይታይሽ አልመጡም። በሰው «እግሬ አልታዘዝ አለኝ። መንገድ ሁለተኛ የምችል አይመስለኝም። ሹፌሩ ከመጣ ይምጣ» ብለው ላኩ። አያ ይሁኔ ያን ዕለት ከታኮው ድንጋይ ላይ ሳይነሡ ዋሉ። መኪናዋንም አልዞሯትም።

ቄስ አላምረው አጠገባቸው ተቀመጡ። የሰፈሩ ሽማግሌዎች አለቃ ናቸው፤ ነገር ሲያዩ ቶሎ መቋጨት ይወዳሉ። «መሐላውን እኔ እፈታዋለሁ፤ ንስሐ ይገባሉ፣ ይሰግዳሉ፣ ከዚያ በሚኒባስ ሄደው እኅትዎን ያያሉ» አሏቸው።

አያ ይሁኔ ተነሡ። ቄሱን አንዴ ዞሯቸው። «መሐላውንስ ይፍቱት፣ አባ። እርሷ ግን የምትጠብቀው እኔን ብቻ አይደለም፤ እኔንና እሜቴን ነው። አንድ የምትጠብቀው ነገር ነው የቀራት። በሚኒባስ ሄጄ እሱን ብነጥቃት፣ ምን ይዛ ትቆይ?»

አያ ይሁኔም በማግሥቱ ከጓሯቸው ያለውን ባሕር ዛፍ ሸጡና መኪናዋን ላስነሣ ነው ብለው አወጁ።

ይህን ጊዜ ነው ጉዳችን የፈላ። መኪናዋ ቆማ በኖረችበት ዘመን ሁላችንም ተካፍለናት ነበር። ዕቃ መጫኛዋ፣ ካሶኒዋ ላይ እትየ ፈንታነሽ በርበሬዋን ታሰጣለች፤ በማንኩሳ ከዚያ የተሻለ፣ ዶሮም ፍየልም የማይደርስበት ማስጫ የለም። ጥላዋ ሥር እነ ቄስ አላምረው ሽምግልና ይቀመጣሉ። የኔም ጎሚስታ በቀኝ ጎኗ ተደግፋ ነው የቆመች፤ የአንዱ ወገን ግድግዳዬ መኪናዋ ራሷ ናት። ስለዚህ «እንኳን አደረሰዎ» ያልናቸው በአፋችን ነው። እትየ ፈንታነሽማ በግልጽ «በርበሬዬን የት ላስጣ? እርስዎ ራስ ላይ?» አለቻቸው። ቄሱ ሽምግልና በፀሐይ አይሆንም አሉ። እኔ ደግሞ ስለ መኪናዋ ጤና የተጨነቅሁ መስዬ «ባትነካ አይሻልም?» አልሁ።

አያ ይሁኔ ከማናችንም ጋር አልተከራከሩም። ያደረጉትን ላስታውስና ልሳቅ።

መጀመሪያ የዳነችው ክላክሷ ናት። ከኔ ባትሪ ተውሰው፣ ሽቦውን ሲቀጥሉ ሲበጥሱ ሰንብተው ነበር። አንድ ቀን እነ ቄስ አላምረው ጥላው ሥር በድንበር የተጣሉ ሁለት ወንድማማቾችን ይዘዋል። ወንድማማቾቹ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው ፊት ለፊት አንተያይም ብለው ሽማግሌውን አድክመዋል። በዚህ መሐል ያች ክላክስ፣ የዚያን ሁሉ ዘመን ዝምታ አጠራቅማ፣ አንድ ጊዜ ጮኸች። በሬዎች ደነበሩ። ጋሪ የሚጎትት ፈረስ መንገድ ለቀቀ። ወንድማማቾቹ ዘለው ተነሥተው፣ ማን ማንን እንደያዘ ሳያውቁ አንገት ለአንገት ተቃቅፈው ቆሙ።

ቄስ አላምረው ማተባቸውን እንደያዙ ሰዎቹን አይተው፣ «ይኸው ታረቁ!» አሉ። ወንድማማቾቹም አፍረው መለያየት አልቻሉም።

አያ ይሁኔ ከጋቢናው ራሳቸውን አወጡ። «አባ፣ ይቺ ክላክስ በፊትዎ ነው አፏን የፈታች። የክርስትና አባቷ ይሁኑልኝ።»

«ብረት ክርስትና አይነሣም! ድፍረት ነው!» አሉ ቄሱ።

«ክርስትናው ይቅርብኝ። አበልጅነቱን ብቻ ይቀበሉኝ።»

ጠላ ተጠመቀ፣ ዳቦ ተደፋ። ቄሱ ዳቦውን ባርከው፣ ስለ ክላክሷ አንድም ቃል ሳይናገሩ ጠጡ፤ ሲነሡ ግን «በሉ ደህና ዋሉ፣ አበልጄ» አሉ። አበልጅ የሆነ ሰው ደግሞ አበልጁን መቃወም አይችልም፤ ነውር ነው። ሽማግሌዎቹ ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ጥላው ትንፍሽ አላሉም።

እንዲህ እያሉ ሁላችንንም በየተራ አበልጅ አደረጉን። ካሶኒዋ ስትጠገን እትየ ፈንታነሽ የክርስትና እናት ሆነች፤ ሳንቃው ሲመታ አለቀሰችና ከዚያ ለአናጢው ምሳ ይዛ ስትመላለስ ከረመች። እኔ የጎማ አባት ተባልሁ። ማዕረጉ ከባድ ነበር፤ ለወላጅ አይከፈልምና የነፋሁበትን ጠይቄ አላውቅም።

የፊት መብራቷ የበራ ዕለት ቀትር ነበር። እስኪመሽ እንጠብቅ ብንላቸው አሻፈረኝ አሉ። ጋቢያቸውን አውልቀው መብራቷ ላይ ጣሉና ሰፈርተኛውን ሁሉ በየተራ እየጠሩ ከጋቢው ሥር ራሱን እያስገቡ አሳዩት። እኔም ጎንበስ ብዬ ገባሁ። ከጋቢው ሥር የላብና የናፍጣ ሽታ አለ፤ ከፊቴ ያች መብራት የበሰለ ብርቱካን መስላ ፍም ብላለች። አጠገቤ የአያ ይሁኔ ፊት አለ፤ ከኔ ጋር አብረው እየገቡ፣ ከሁሉም ሰው ጋር እንደ አዲስ ያያሉ። «እሜቴ ዓይናቸውን ገለጡ» አሉኝ በሹክሹክታ። ያን ፈገግታ ያየሁ ቀን ነው ጎሚስታዬ ብትፈርስም ትፍረስ ያልሁት።

መለዋወጫ ፍለጋ ደምበጫ የሄድን ጊዜ አብሬያቸው ነበርሁ። አንድ ግቢ ውስጥ ሣር የበቀለባት ሌላ ኤንትሬ አለች ተብለን ነው። አያ ይሁኔ ሲያዩአት ባርኔጣቸውን አወለቁ። ቀስ ብለው ዞሯት። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። የግቢው ባለቤት ግራ ተጋብቶ ወንበር አወጣላቸው። «እግዜር ያጥናችሁ» አሉት። ሰውየው እኔን አየኝ፤ እኔ መሬት መሬት አየሁ። ምን ያድርግ፣ «አሜን፤ እናንተንም አይንካችሁ» አለ። ከዚያ በኋላ ከመኪናዋ ላይ የፈለግነውን እንድንፈታ ፈቀደልን፤ ሲሸኘንም ፊቱ የእውነት ያዘነ ሰው ፊት ነበር።

ሞተሩን የሠራው ፍኖተ ሰላም ጋራዥ ያለው መካኒክ ስመኘው ነው። እሑድ እሑድ እየመጣ ፈታው፣ አጠበው፣ ገጠመው። እጁ የሚያስተማምን ልጅ ነበር። አንድ ነገር ግን እርሱም እኛም አላሰብንም። እትየ ፈንታነሽ በርበሬ የምታሰጣው ካሶኒው ላይ ብቻ አልነበረም፤ ሲሞላባት ጋቢናው ጣሪያ ላይም ታሰጣ ነበር። ያ ሁሉ ዘመን ከጣሪያው ስንጥቅ እየሾለከ የወረደው የበርበሬ ፍሬና ብናኝ ከራዲያተሩ ጀርባ ተከማችቶ ቀኑን ይጠብቃል።

የማስነሻው ቀን ማንኩሳ ወጥቶ ከበበን። ስመኘው ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ አቃሰተ፣ ተወ። ደግሞ አቃሰተ፣ አሁንም ተወ። አያ ይሁኔ እጃቸውን ከበሩ ላይ ሳያነሡ «ይሞክሩ፣ እሜቴ። ቅር ያለዎት ነገር ካለ በኋላ እንነጋገራለን» አሉ። በመጨረሻ ሞተሩ ያዘ። ያዘና፣ ያ ቬንትሌተር ሲሽከረከር፣ የስንት ዓመት በርበሬ በአንድ ጊዜ አንሥቶ ሕዝቡ ፊት ላይ በተነው።

እልል ልትል አፏን የከፈተች ሁሉ ማሳል ጀመረች። ቄሱ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ሮጡ። ስመኘው ዓይኑን ጨፍኖ «አጥፉት! አጥፉት!» ይላል፤ ማጥፊያው ያለው እርሱ እጅ ላይ ነው። እኔ ቦዩ ውስጥ ወድቄ ራሴን አገኘሁት። እትየ ፈንታነሽ ብቻ፣ ለምዳው ነው መሰል፣ ቀጥ ብላ ቆማ «ጥሩ በርበሬ ነበር» ትላለች።

ብናኙ ሲጠፋ ብድግ ብዬ ሳይ አያ ይሁኔ ከነበሩበት አልተነቃነቁም። ሞተሩ እየሠራ ነው። መዳፋቸውን በሩ ላይ ለጥፈው ንዝረቱን ያዳምጣሉ፤ እንባቸው በጢማቸው ላይ ይወርዳል።

«ምነው አያ ይሁኔ?» አልኋቸው።

«በርበሬዋ ናት» አሉኝ።

ሁላችንም ዓይናችንን ታጥበን፣ ተሳስቀን፣ ዳቦ ቆርሰን ጨረስን። የእርሳቸው በርበሬ ግን እስከ ማታ አልለቀቃቸውም። ዳግመኛ የጠየቃቸውም የለም።

መንጃ ፈቃዱ ለብቻው ጉድ ነው። ፍኖተ ሰላም ከጎረምሶች ጋር ወንበር ተካፍለው ተማሩ። አሠልጣኙ ወደ መለማመጃዋ መኪና ግቡ ሲላቸው አስቀድመው ዞረው ካላዩ ስለማይገቡ፣ ጎረምሶቹም እንደ ትምህርት ቆጥረውት ሁሉም ይዞሩ ጀመር አሉ። ፈቃዱን ተቀብለው ሲመጡ ፎቶግራፉን አሳዩኝ። በሕይወታቸው አንድ ጊዜ ሳይዞሩት የተቀመጡበት ወንበር የፎቶ ቤቱ ወንበር መሆን አለበት፤ ፊታቸው ሥጋት በሥጋት ነው።

የመነሻችን ቀን ታኮው አልወጣ አለ። ድንጋዩ መሬት ውስጥ ሰምጦ፣ ሣር በቅሎበት፣ የመሬቱ ወገን ሆኗል። በዶማ ቆፍረን አወጣነው። አያ ይሁኔ አፈሩን በእጃቸው ጠርገው፣ እንደ ሕፃን አቅፈው፣ ካሶኒው ላይ አስቀመጡት። ጎሚስታዬን በባሕር ዛፍ ቋሚ ደግፈናት ነበር። ኤንትሬዋ ስትንቀሳቀስ ግን ጎሚስታዬ እንደ ደከመው ሰው ቀስ ብላ ጋደም አለች። ዛሬ ፍኖተ ሰላም ባለሱቅ የሆንሁት በዚህ ምክንያት ነው፤ ሰው ሲጠይቀኝ ግን ንግድ አስቤ ነው እላለሁ።

አበልጆች ሁሉ ካሶኒው ላይ ወጣን። ባጃጅ ቀደመን። የፈረስ ጋሪ ቀደመን። አንድ በሬ የሚነዳ ገበሬ ለጥቂት ጊዜ እኩል ሄዶ ሰላምታ ሰጥቶን አለፈ። አያ ይሁኔ መሪውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ፊት ለፊት ብቻ ያያሉ። ቡሬ መግቢያ ስንደርስ ዳር ይዘው አቆሙ። የሆነ ነገር ተበላሸ ብዬ ዘልዬ ወረድሁ። ምንም የለም። ሸሚዛቸውን ቆለፉ፣ ባርኔጣቸውን አስተካከሉ፣ እንደገና አስነሡ።

የእማማ ይታይሽ ቤት ዳገት ላይ ነው። ደጃፋቸው ላይ አቆሙና ክላክሱን ነፉት። አልወረዱም። በሩ ተከፈተ። እማማ ይታይሽ በዱላ ተደግፈው ወጡ። መኪናዋን አዩ፣ ወንድማቸውን አዩ። እንባቸው ሊመጣ ሲል ያዙት።

«ረዳት!» አሉ አያ ይሁኔ ከላይ ሆነው።

እማማ ይታይሽ ዱላቸውን ለእትየ ፈንታነሽ ሰጡ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሸረጡ። «ታኮው የታለ?» አሉ። አውርደን ሰጠናቸው። ሊያነሡት አልቻሉም፤ ልንረዳ ስንጠጋ «ወግዱ! ሥራዬ ነው» ብለው ገፈተሩን። በጉልበታቸው ተንበርክከው፣ በሁለት እጃቸው እየገፉ፣ ድንጋዩን ከኋላ ጎማው ሥር አስገቡት። ከዚያ ቀና ብለው፣ ጋቢናውን በመዳፋቸው ሁለት ጊዜ መቱና፣ ረዳት እንደሚጮኸው ጮኹ፤

«ይዟል! ውረድ፣ ሹፌር!»

አያ ይሁኔ ወረዱ። እግራቸው ቡሬን ሲነካ ወንድምና እኅት ተቃቅፈው ቆሙ። ብዙ ቆዩ። በመጨረሻ እማማ ይታይሽ «አርፍደሃል» ሲሉ ሰማሁ።

ያ ድንጋይ ማንኩሳ አልተመለሰም። አያ ይሁኔ ሆን ብለው እኅታቸው ደጃፍ ላይ ተዉት። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ «ታኮዬን ልይ» እያሉ ወደ ቡሬ ይነዱ ነበር፤ የሰው እህልና የእትየ ፈንታነሽን በርበሬም ያደርሳሉ። ኤንትሬዋ ከጉዞ ስትመለስ የምታድርበት ቦታ የጥንቱ ቦታዋ ነውና ሽማግሌዎቹም ጥላቸውን አላጡም። የከሰርሁ እኔ ብቻ ነኝ።

እንግዲህ በዚያ ቀን መንፊያዬን ይዤ ማንኩሳ ደረስሁ። በአልጋቸው ላይ ተኝተው፣ ሳያስቸግሩ ነው የሄዱት። ጎማዎቹን ነፋሁ። አንድ በአንድ በጣቴ አንጓ ኳ ኳ አደረግኋቸው። እትየ ፈንታነሽ ካሶኒውን ትጠርጋለች። ጥግ ጥጉን፣ የሳንቃውን ስንጥቅ ሳይቀር በጣቷ እየፈለፈለች ጠረገችው።

«በቃ እኮ ጸድቷል» አልኋት።

«አንዲት የበርበሬ ፍሬ እንዳትቀር» አለችኝ። «ዛሬ የሚያለቅስ በራሱ ያልቅስ።»

አስከሬናቸውን ካሶኒው ላይ አደረግን። ከመነሣታችን በፊት መኪናዋን መዞር እንዳለብን የነገረን የለም፤ ሁላችንም ግን ዞርናት። ስመኘው መሪውን ያዘ። ቄስ አላምረው ጋቢና ገቡ፤ ማንኩሳን ስንለቅ የክርስትና ልጃቸውን፣ ክላክሷን፣ አንድ ጊዜ ረዘም አድርገው ነፉ። ያን ቀን ምንም ነገር አልቀደመንም። ባጃጆቹ ዳር ይዘው ቆመው አሳለፉን።

ቡሬ ስንደርስ እማማ ይታይሽ ደጃፋቸው ላይ ቆመው አገኘናቸው። ማን እንደነገራቸው አላውቅም። ከእግራቸው ሥር ድንጋዩ አለ። ስመኘው አቆመ፣ ሞተሩን አጠፋ። ማንም ልርዳ አላለም። እማማ ይታይሽ ነጠላቸውን አሸረጡ፣ ተንበረከኩ፣ ድንጋዩን እየገፉ ከጎማው ሥር አስገቡ። ጋቢናውን በመዳፋቸው መቱት።

«ይዟል» አሉ። «ውረድ፣ ሹፌር።»

ስመኘው እጁን የበሩ መክፈቻ ላይ አድርጎ ነበር። መለሰው። የተጠራው እርሱ እንዳልሆነ ገብቶታል።

እማማ ይታይሽ በሩን እያዩ ትንሽ ጠበቁ። ከዚያ በመኪናዋ ጎን እየተደገፉ ወደ ኋላ ዞሩና ቀና ብለው ካሶኒው ላይ ያለነውን አዩን።

«በሉ እናንተ አውርዱልኝ» አሉን።